የፀሐይ ማብሰያ ለሱሉልታ ገጠር፦ የትኛው ዓይነት፣ ለየትኛው ምግብ? (27 መልሶች)

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ይህን የጥያቄና መልስ ክር የከፈቱት ሰው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ዙሪያ ካለ አንድ የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ጋር የሚሠሩ ናቸው። ማኅበሩ ለ40 ቤተሰብ የሚሆን ገንዘብ አለው። በዚህ ገንዘብ ከካርቶንና ከፎይል የሚሠራውን ተጣጣፊ የፀሐይ ማብሰያ ገዝቶ ማደል ታስቧል። እሳቸው እንዳሉት አገሩ 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ነው፣ ማብሰያው እንጨትንና ኩበትን ከነጭራሹ ይተካል፣ እንጀራም ሳይቀር ይጋገርበታል። የጠየቁት ግን አጭር ነገር ነው፦ ካርቶኑ ይሻላል፣ ከላይ መስታወት ያለው ሳጥን ወይስ እንደ ሳተላይት ዲሽ ያለው ጎድጓዳ? ስልጠናውስ ስንት ቀን ይበቃዋል? የተባለውን በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ፤ መሀል መሀል ላይ የኔም አስተያየት ገብቶበታል።

1ኛዋ መላሽ በምስጋና ከጀመሩ በኋላ ስለ ማብሰያው ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ጠየቁ። በዚያ አካባቢ ቁርስ የሚበላው በማለዳ፣ ዋናው ምግብ ደግሞ ማታ ነው። ፀሐይዋ የምታበስለው ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት እናትየው የት ናት? ገበያ፣ ማሳ፣ ወይስ ቅጠል ለቀማ? ከጠቅላላው ክር ከባዱ ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል፤ ሆኖም እስከ 24ኛው መልስ ድረስ ያነሳው ሰው አልነበረም።

2ኛው ያለ ሰላምታ ነው የገባው። እንጀራ እቅዱ ውስጥ እስካለ ድረስ እቅዱ አይሠራም አለ። የምጣዱ ገጽ 200 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት፤ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሊጥ በፈሰሰበት ቁጥር ይቀዘቅዛልና ለቀጣዩ እንጀራ በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ መጋል አለበት። የካርቶን ማብሰያ 120 ዲግሪ አካባቢ፣ ጥሩ ሳጥን ደግሞ 140 አካባቢ ላይ ይቆማል። በዚህ ሙቀት የሚገኘው ዓይን ያላወጣ ጥፍጥፍ ነው። ለእንጀራ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚሠራው፣ «ምርጥ» የሚባለው የእንጨት ምድጃ ነው፣ ከሦስት ጉልቻ አንፃር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ገንዘቡ ለዚያ ይዋል ብሎ ደመደመ።

3ኛው ድምዳሜውን ተቀብሎ ምክንያቱን አረመ። በፀሐይ እንጀራ መጋገር አይቻልም ማለት ልክ አይደለም፤ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብርሃን በሚሰበስብ መሣሪያና ሙቀት በሚያጠራቅም ዘዴ ሲጠና ቆይቷል። ችግሩ ኃይሉ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። 1.4 ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ አንጸባራቂ በጥሩ ፀሐይ ለድስቱ የሚያደርሰው 600 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱ ወደ 6 እጥፍ ስለሆነ ለአንድ ጓሮ የሚሆን ነገር አይደለም አለ።

4ኛው ወደ 13ቱ ወር ፀሐይ ዞረ። እሱ የቱሪስት ማስታወቂያ ነው እንጂ የሜትሮሎጂ መረጃ አይደለም ብሎ ትንሽ አላገጠ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ እንጦጦ ላይ የሚቀመጠው ደመና ሳጥኑን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። የበልግ ደመናም መጋቢትና ሚያዝያን ያቋርጣል። እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። አንድ ሌላ ነገርም ጨመረ፦ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። የአገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ እውነተኛው እኩለ ቀን በጥቅምት መጨረሻ ከ6 ሰዓት ከ10፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ከ6 ሰዓት ከ40 ገደማ ይሆናል። ማብሰያውን 6 ሰዓት ላይ አቅንቶ የሚሄድ ሰው ፀሐይዋ ገና ወደ ላይ እየወጣች ነው የሚተዋት።

5ኛዋ ይህን ተከትላ የአቅጣጫን ነገር አነሳች። ከውጭ የመጡ መመሪያዎች አንጸባራቂውን ወደ ደቡብ አዙሩ ይላሉ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ በስተሰሜን ነው። ፀሐይዋ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ በአናታችን ታልፋለች፣ ከዚያ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ ድረስ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ በግንቦት ወደ ደቡብ የዞረ ሳጥን ጥላውን ነው የሚያበስለው። በታኅሣሥ ደግሞ የእኩለ ቀን ከፍታዋ 58 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ በሳጥኑ ሰሜናዊ ጠርዝ ሥር ድንጋይ አስገብቶ መስታወቱን ወደ ደቡብ ማዘንበል ያዋጣል። ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ትተውት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ፀሐይዋ አሁን ወዳለችበት ሳይሆን በግማሹ ሰዓት ወደምትደርስበት አቅኑት አለች። ይህችን ምክር በየስልጠናው ወረቀት ላይ ባያት ደስ ይለኛል።

ክሩ የሚጠነክረው 6ኛው መልስ ላይ ነው። ጸሐፊው የአናጢነት ሰው መሆኑ ከአገላለጹ ያስታውቃል። ሱሉልታ ነፋስ አለ፣ ካርቶን አንድ ዝናብ ከመታው ሙጫው ይለቃል አለና የሳጥኑን ልክ አስቀመጠ። የውስጡ ሳጥን ወለሉ 50 በ50፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የውጪው 62 በ62 ሆኖ በዙሪያውም ከታችም 6 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። የውጪው ከኮምፔንሳቶ ወይም ከችፑድ፣ የውስጡ ከወፍራም ካርቶን ቢሠራም ችግር የለውም። ክፍተቱ በደረቀ የጤፍ ጭድ፣ በሱፍ ወይም በተጨማደደ ጋዜጣ ይሞላል፤ ሙቀቱን የሚይዘው መሀል ለመሀል የቀረው አየር ስለሆነ መጠቅጠቅ አያስፈልግም። የውስጥ ግድግዳው ላይ ፎይል፣ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ብርሃኑ ሆኖ ይለጠፋል። በውሃ የቀጠነ ኮላ ወይም የዱቄት ሙጫ ይበቃዋል፤ እንዳይጨማደድ በጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር መሳብ ነው። ወለሉ ላይ ጥቁር የተቀባ የ0.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይቀመጣል፣ ከታች በአራት ትንንሽ እንጨቶች ከፍ ተደርጎ። ድስቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከላይ ሁለት መስታወት፣ በመካከላቸው 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፤ በአንድ መስታወት ብቻ የሠራችሁ እንደሆነ የታኅሣሥ ነፋስ ሙቀቱን ይጠርገዋል። ፎይል የለበሰው ክዳን በማጠፊያ ይታሰርና በሽቦ ይደገፋል። ክዳኑ በትክክል መዘንበሉ የሚታወቀው ከእሱ የሚመለሰው ብርሃን መስታወቱን ሞልቶ ሲያርፍ ነው፤ ብርሃኑ መሬት ላይ ከፈሰሰ ክዳኑ አላዘነበለም ወይም ከመጠን በላይ አዘንብሏል ማለት ነው። የመስታወቱ ፍሬም ከሳጥኑ በሚገናኝበት ዙሪያ የአሮጌ ጂንስ ቅዳጅ ይለጠፍበት፣ ሙቀት የሚያመልጠው ከሁሉም በላይ በዚያ ስንጥቅ ነውና።

7ኛው የሚበላሹትን ነገሮች ደረደረ። መስታወት በሚስማር አጥብቆ የመታ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይሰነጠቅበታል፤ ሲሞቅ የሚሰፋበት 3 ሚሊ ሜትር ያህል በየጎኑ መተው አለበት። ድስት ሲወጣ በእርጥብ ጨርቅ የጋለ መስታወት መወልወልም እንዲሁ ያፈርጠዋል። የዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም በክፍተቱ ውስጥ አታስገቡ፣ ከ90 ዲግሪ በላይ ይሟሽሻል፣ ይሸታልም። ጭዱ ደግሞ ሁለት ጠላት አለው፦ ከምግቡ የሚወጣው እንፋሎትና አይጥ። ለእንፋሎቱ የውስጡን ካርቶን ጀርባ በፎይል መልበስ፣ ለአይጡ የውጪው ሳጥን የታችኛው ጥግ ላይ ቆርቆሮ መምታት። 8ኛዋ አዲስ ቀለም የተቀባ ሳጥን ምግብ ሳይገባበት ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ባዶውን ይጋል፣ አለዚያ ምስሩ ቀለም ቀለም ይላል አለች። 9ኛው ድስት የሚቀባበት ጥቁር ቀለም የት ይገኛል ብሎ ሲጠይቅ 10ኛዋ ቀለም ለምን ፈለግህ ብላ መለሰችለት። በእንጨት እሳት የጠቆረ ስስ የአሉሚኒየም ድስት ከነጥላሸቱ ተመራጭ ነው፣ ከውጪ አትፈግፍጉት፣ ክዳኑም ጥቁር ይሁን። ወፍራም ብረት ድስት ራሱን እስኪያሞቅ ድረስ ፀሐይዋን ይበላታል።

11ኛው ሳጥን ውስጥ የገባ ሁለት ሊትር ውሃ በ20 ደቂቃ ሲፈላ በቪዲዮ አይተናል ብሎ ተከራከረ። 12ኛው ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ። የሳጥኑ አፍ 0.25 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 900 ዋት ፀሐይ ቢመታው 225 ዋት፤ አንጸባራቂው ክዳን ሲጨመር 315 ገደማ። ሁለቱ መስታወቶች ወስደው የሚያሳልፉት 220 ያህሉን ነው፤ ከዚያ ግማሹ በግድግዳና በመስታወት ተመልሶ ይወጣል። ድስቱ የሚያገኘው 110 ዋት ገደማ ነው። 2 ኪሎ ምግብና ውሃ ከ17 ዲግሪ ወደ 91 ለማድረስ 620 ኪሎጁል ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው መፍላት የሚጀምረው፤ ለ4 ኪሎ ከ3 ሰዓት በላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰልጣኝ በ40ኛው ደቂቃ መስታወቱን ከፍቶ ይመለከታል፣ እያንዳንዱ መክፈት ደግሞ የጠራቀመውን ሙቀት ይዞ ይወጣል። 11ኛው ቪዲዮው የጎድጓዳው ማብሰያ ሊሆን ይችላል ብሎ ለዘብ አለ።

ከዚያ በከፍታ ላይ ሙግት ተነሳ። 12ኛው ለምን 100 ሳይሆን 91 ብሎ እንዳሰላ ያልገባው 13ኛው ስህተት ነው ብሎ ጻፈ። ስህተት አይደለም። በሱሉልታ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ መሀል ወደ 92። 14ኛዋ ከዚህ ተነስታ ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባውን ጉዳይ አመጣች፦ ቦሎቄ። ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ ሆድ የሚያዛባ መርዝ አለ፤ መርዙ የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው። 80 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት የተቀመጠ ቦሎቄ የበሰለ ይመስላል እንጂ ከጥሬው የባሰ ሊሆን ይችላል፣ ደካማ ሳጥን ደግሞ የሚቆመው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ በአዲስ ውሃ እሳት ላይ ለግማሽ ሰዓት ማንተክተክ፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ማስገባት። ክክና ምስር ይህ ጣጣ የለባቸውም። ደመና ከመጣና ምግቡ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ካልፈላ ለብ እንዳለ ማሳደር አይገባም፤ ወደ እሳት ይሂድ። 15ኛዋ ወጡስ ስትል ጠየቀች፤ ራሷም መለሰችው። ሳጥኑ እንፋሎቱን ስለሚያፍን ሽንኩርት ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ቁሌቱ «ላቀች» በምትባለው የከሰል ምድጃ ላይ በጥቂት ከሰል ይሠራ፣ ረጅሙን ሰዓት የሚፈጀው ክክ ግን በፀሐይ ይብሰልና ይገናኙ። ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ሩዝ፣ ዱባ፣ ንፍሮ፣ ትንሽ ዳቦ ሁሉ ይሆናል።

16ኛው የጎድጓዳው ደጋፊ ነው። 3 ሊትር ውሃ በግማሽ ሰዓት ያፈላል፣ ቁሌትም ይሠራበታል፣ ቡናም ይቆላበታል፣ ለምን በሳጥን እንጎተታለን አለ። ልክ ነው፤ ግን በየ15 እና በየ20 ደቂቃው መዞር አለበት፣ ሳጥኑ ደግሞ ይጠብቃል። 17ኛው ስለ አደጋው ጠንከር ብሎ ጻፈ፦ ጥቁር መነጽር የግድ ነው፤ ድስቱን የሚያነሳ ሰው በመጀመሪያ ጎድጓዳውን ከፀሐይ ያዙረው፤ ሥራ ሲያበቃ በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፈን ወይም ወደ ግድግዳ ይዙር። የጭድ ክምር አጠገብ ክፍቱን የተተወ ጎድጓዳ እሳት ያስነሳል። ነፋስ እንዳይጥለውም እግሮቹ በድንጋይ ይያዙ። ሕፃናት ባሉበት ግቢ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው ከሌለ ባይገባ ይሻላል የሚለው ፍርዱ ለኔም ትክክል ነው።

18ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ከተማው በኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገረ ለገጠሯ ሴት ካርቶን መስጠት ንቀት ነው፣ መስመሩን ሳቡላት ብሎ ተቆጣ። 19ኛው መስመሩም ተስቦ መብራቱ እንደሚጠፋ ከመለሰ በኋላ ወደ ባህር ዛፍ ገባ፦ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት የተቃለለው በባህር ዛፍ ነው፣ አሁንም ዛፍ ትከሉ። ከዚያ ባህር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል አያደርቅም የሚል እሰጥ አገባ ተጀመረና 20ኛው መልስ ላይ የመድረኩ አስተናጋጅ ገብተው ለእሱ ሌላ ክር ክፈቱ አሉ። በነገራችን ላይ የ18ኛው ነጥብ እንደ ስድብ መወሰዱ አልተመቸኝም። የሳጥኑ ትርፍ የሚለካው ከሚተካው ነዳጅ ነውና አስተማማኝ መብራት ላለበት ግቢ ሳጥን ይዞ መሄድ ድካም ነው።

21ኛዋ ቀስ ብላ ሌላ ጉዳይ አነሳች። ምግብ በየሜዳው፣ በመስታወት ሥር፣ ለአላፊ አግዳሚ ሁሉ እየታየ መብሰሉን ብዙ እናቶች አይወዱትም፤ የሰው ዓይን ይፈራል። 22ኛው ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ሲያጣጥል ክሩን የከፈቱት ሰው ራሳቸው፣ በ23ኛው መልስ፣ በጨዋ ቃል ግን ሳያወላውሉ ገሠጹት። የሚያበስሉት እነሱ ናቸው፤ ያልተመቻቸውን ዕቃ ጓዳ ውስጥ የእህል መያዣ ያደርጉታል አሉ። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ የድስቱ ክዳን ጥቁር ስለሆነ የሚታይ ወጥ የለም፤ ሳጥኑ ደግሞ ከመንገድ በኩል ሳይሆን ከጓሮ፣ የባህር ዛፉ ጥላ ከ4 እስከ 9 ሰዓት በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ውሻና ፍየል እንዳይደርስበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ቢሆን ወገብም አይታጠፍም። እሳቸው በዚያው ስለ ካኩማም ጠየቁ፤ ካርቶኑን የመረጡት በ1995 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ካኩማ በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ሶላር ኩከርስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ያስገባው ተመሳሳይ ዓይነት መሆኑን ሰምተው ነው።

24ኛዋ መልስ ረጅም ናት፤ ማብሰያን ማስለመድ ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት። ካኩማ ቆላ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ደረቅ ነው፤ ቀዝቃዛና ነፋሻ የሆነው የሱሉልታ ደጋ ሌላ ነው። ደግሞም የካርቶኑ ማብሰያ ድስቱ የሚገባበት ሙቀት የሚችል ላስቲክ ያስፈልገዋል፤ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ የሚተካው ሱሉልታ ገበያ ላይ ከሌለ ማብሰያው በዚያው ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ከአካባቢው አናጢና መስታወት ቤት መውጣት አለበት። በነጻ ማደሉንም አልወደደችውም። ጥቂትም ቢሆን በእቁብ መልክ የከፈለችበት ሴት መስታወቱ ሲሰበር ታስጠግናለች፤ በነጻ የመጣው ዶሮ ያድርበታል። የስልጠናው ጥያቄ የተመለሰው እዚህ ነው። አንድ ቀን ለማሳየት ይበቃል፣ ለማስለመድ አይበቃም። ጥቅምት ላይ ይጀመር፤ ሐምሌ ላይ የተጀመረ ስልጠና ሰውን ለዘለዓለም ያስጠላል። በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ ከቤታቸው ባመጡት ክክና በራሳቸው ድስት ይብሰል፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንዲት የሠፈሯ ሴት በየቤቱ እየዞረች መስታወቱ ጸድቷል ወይ፣ አቅጣጫው ልክ ነው ወይ፣ ስንት ጊዜ ተጠቀመችበት የሚለውን ትይ። በሳምንት ሦስት ቀን ከበሰለበት ተሳክቷል፤ እሳቱን ሙሉ በሙሉ ይተካል ብሎ ቃል የገባ ሰው ግን በመጀመሪያው ደመና ቀን ውሸታም ይባላል። የ1ኛዋን ጥያቄም ያነሳችው እሷ ናት። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ክኩን ከነውሃው አስገብታ፣ ሳጥኑን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ፀሐይ አቅንታ ገበያ የሄደች ሴት 9 ሰዓት ላይ ስትመለስ የበሰለ ታገኛለች፤ ባይማሰልም አያርም፣ ውሃውም ብዙ ስለማይተን ከእሳቱ ያነሰ ይበቃዋል። ለራት እንዲቆይ ድስቱ እንደፈላ በጭድ በተሞላ ትልቅ ቅርጫት ውስጥ፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከ18ኛው ቁጣ ይልቅ ለገጠሯ ሴት ያሰበችው ይህች ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

25ኛው ውሃ ለማከምም ይጠቅማል አለ፦ ውሃ 65 ዲግሪ ደርሶ 6 ደቂቃ ከቆየ በሽታ አምጪ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፣ እስኪፈላ መጠበቅ አያስፈልግም። ግን ይህ ለተሕዋስያን ብቻ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው በኩል የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች ፍሎራይዱ ይወጣል ብለው እንዳይሳሳቱ፤ ሙቀት አይነካውም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል።

26ኛው መልስ ላይ የክሩ ባለቤት ተመልሰው አዲሱን አሠራር አሳወቁ። የካርቶኑ ግዢ ቀርቷል። በመጀመሪያው በጋ 10 ሳጥኖች በሱሉልታ አናጢ ይሠራሉ፣ የተረፈው ገንዘብ ለምርጥ ምድጃ ይሆናል፣ እንጀራ ከስልጠናው ወረቀት ላይ ወጥቷል። አንድ የቀረ ጥያቄ ጠየቁ፦ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ርካሽ ነው፣ ያዋጣል ወይ?

በ27ኛው መልስ የመለሰው ያው የ6ኛው መልስ አናጢ ነው። 3 ሚሊው ብርሃን በጥቂቱ የበለጠ ያሳልፋል፣ ግን በየቀኑ የሚነሳና የሚከደን ነገር ላይ ይሰበራል። የውስጡን 3፣ እጅ የሚነካውን የላዩን 4 ሚሊ አድርጉ፤ ጠርዙን ግን መስታወት ቤቱ ራሱ ይሞርደው፣ ያልተሞረደ ጠርዝ ስንጥቅ ይጀምራል።